ከንፈርና አሥር ጣት

ይርገዱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯን ቀለም ስትቀባ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሴት ነበረች። ለሠርግም ለበዓልም ብላ ተቀብታ አታውቅም። የቀባቻት ሺራን የምትባል፣ እስራኤል አገር ገዴራ ከተማ ተወልዳ ያደገች የኮሌጅ ተማሪ ናት። ቦታው ቂርያት ማላኪ፣ በፎቆቹ መካከል ያለው ሞዐዶን የሚሉት የሰፈሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ነው፤ ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር የ2006 የፋሲካ ሰሞን። ሃያ የሚሆኑ ሽማግሎችና ባልቴቶች በፕላስቲክ ወንበር ተደርድረው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከሴቶቹ አንዷ ይርገዱን ሊድሯት ነው አለች፤ ሌላዋ ሙሽራው ጥርስ አለው ወይ ብላ ጠየቀች። ይርገዱ ቀለሙ እንዳይበላሽባት ሳቋን ዋጠችው።

አሠራሩን ማወቅ ደስ ይላል፤ ቀላል ነው፣ ትዕግሥት ብቻ ይፈልጋል። መጀመሪያ ከንፈር በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ይደርቃል። ቀዩ ቀለም ከመሀል ጀምሮ ወደ ዳር በስሱ ይቀባል፤ ከወፈረ መስመሩን ይደፍነዋል፣ ከሳሳ አይታተምም። ሁለት ደቂቃ ይጠበቃል። ከዚያ አፍ ገጠም እንዳለ፣ ሳይሞጠሞጥ፣ ግልጽ ፕላስተር ከላዩ ይለጠፍና ከአንድ ወገን ቀስ ተብሎ ይላጣል። ፕላስተሩ ነጭ ወረቀት ላይ ሲያርፍ፣ በመስተዋት እንኳ የማይታየው ሁሉ ይወጣል፤ ቁልቁል የሚወርድ ስንጥቅ፣ መንገድ ላይ ለሁለት የሚከፈል፣ እርስ በርሱ የሚሻገር፣ እንደ መረብ የተጠላለፈ። ቀጥሎ አሥሩ ጣቶች ተራ በተራ ጥቁር ቀለም ነክተው፣ ከጥፍር ዳር እስከ ጥፍር ዳር እየተንከባለሉ ከከንፈሩ ሥር ይታተማሉ። በመጨረሻ አንዲት ጠብታ ደም ተወስዳ ስኳሩ ይለካና ቁጥሩ ከወረቀቱ ጥግ ይጻፋል። ቁጥር የሌለው ወረቀት አይቆጠርም፤ ከንፈሩና ጣቱ ከምን ጋር እንደሚነጻጸሩ አይታወቅማ።

ይህ ሁሉ ለምን ተፈለገ? ሺራን ለሽማግሎቹ በተሰባበረ አማርኛዋ እንዲህ ስትል አስረዳች። የጣትና የከንፈር መስመር የሚሠራው ሰው ገና እናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ስኳርን የሚቆጣጠረው ቆሽትም በዚያው ሰሞን ይበጃል። ከተሠራ በኋላ መስመሩ እስከ ሞት አይለወጥም። እንግዲህ ለስኳር በሽታ የተጋለጠ ሰው ምልክቱ ቆዳው ላይ ቀድሞ ተጽፎ እንደሆነስ? ይህን የሚመረምሩ ሰዎች በሌላም አገር አሉ፤ አንዳንዶቹ ልዩነት አየን ይላሉ፣ አንዳንዶቹ አላየንም ይላሉ። እሷም ከቂርያት ማላኪ፣ ከገዴራና ከያቭኔ መቶ ሃያ ሰው ልታይ ነው፤ ግማሹ ስኳር ያለበት፣ ግማሹ የሌለበት። አባቷ ስኳር እንዳለበት ያወቀው ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ነበር። ለማን ቶሎ መመርመር እንደሚገባ አንድ የከንፈር ቀለምና አንድ ወረቀት ቢናገሩ፣ አለች፣ ምን ያህል ሰው ይተርፋል።

ከዚያ መስመሩ በዘር እንደሚወረስ፣ ከእናትና ካባት እንደሚመጣ ጨመረች። ከአዳራሹ ሰው ብዙው ይህን በአንድ ጆሮው ሰምቶ በሌላው አፈሰሰው። ይርገዱ ግን ጣቷን ቀለሙ ላይ እንዳስቀመጠች ቀረች።

ይርገዱ በ2001 ከጎንደር ስትመጣ አንድ ልጇን ትታ ነው የመጣችው፤ ሌላ አልወለደችም። በአሥራ አራት ዓመቷ አንድ ክርስቲያን አግብታ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ቢረሳውን ወልዳ፣ ብዙም ሳይቆይ ተፋታች። ልጁ ጡት ሲጥል አባቱ ቤት ቀረ። የአባቱ እኅት ጠጅቱ ወልዳ አታውቅምና አንስታ አሳደገችው። ቢረሳው ጠጅቱን እማ ይላታል። ይርገዱ ለበዓል ስትመጣ ደግሞ፣ ታላቅ እኅቱን እንደሚጠራ ሰው፣ እታለም ይላታል። በዚያ አገር ልጅ ያሳደገችውን እናት፣ የወለደችውን እኅት ብሎ ቢጠራ ማንም አይደንቀው፣ ማንም አይከፋው።

የከፋው ቢሮ ውስጥ ነው። ወደ እስራኤል ለመግባት የሚቆጠረው ዘር በእናት በኩል ነበር። መዝጋቢው ቢረሳውን እናትህ ማን ትባላለች ብሎ ሲጠይቀው፣ ዕድሜውን ሁሉ ሲል የኖረውን አለ፤ ጠጅቱ። ተጻፈ። ጠጅቱ ከቤተ እስራኤል ጋር የሚያገናኛት አንድም ዘር የላትምና ስሙ ከይርገዱ መዝገብ ወጣ። ይርገዱ፣ እዚያ ደርሼ በሁለት ወር አስተካክለዋለሁ ብላ አውሮፕላን ተሳፈረች። አምስት ዓመት ሞላት። የደም ምርመራ ዘመድነትን ይለያል ሲሏት ለዚያ ጠየቀች፤ ለእሱም ፍርድ ቤት፣ ጠበቃና ረጅም ወረፋ እንዳለው ተነገራት። ሚስራድ እያለች የምትጠራው ቢሮ በየሦስት ወሩ ያንኑ ይመልስላታል፤ በመዝገባችን መሠረት ልጅሽ አይደለም።

አሁን ይህች ልጅ ቀይ ቀለም ይዛ መጥታ፣ እናትና ልጅ ወረቀት ላይ ይመሳሰላሉ ትላለች።

በዚያ ቀን የይርገዱ ወረቀት ጥግ ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ መቶ ዘጠና አራት ነበር። በባዶ ሆድ ከመቶ ሃያ ስድስት በላይ ከሆነ ስኳር ነው፤ አታውቀውም እንጂ ነበረባት። ሺራን ደንግጣ ክሊኒክ ላከቻት፤ ክኒን ታዘዘላት። ይርገዱ ስለ ክኒኑ አንዴም አልጠየቀችም። የጠየቀችው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ገዴራ ስትሄጂ ልርዳሽ ወይ ብላ ነው።

ረዳቻትም። እንዲህ ያለ ረዳት ደግሞ የትም አይገኝም። ይርገዱ ጋን ያቭኔ አጠገብ ካለ የአትክልት ማሸጊያ ቤት ካሮት ለቃሚ ናት። እርጥብ ካሮት በሚሄድ ቀበቶ ላይ እንደ ወንዝ ይመጣል፤ ለሁለት የተከፈለውን፣ የተሰነጠቀውን፣ የጠመመውን በዓይን ለይቶ ሳይዘገዩ ማውጣት ነው ሥራው። ውሃውና አሸዋው የጣቷን መስመር ስለበላው፣ ሺራን አሻራዋን ያገኘችው ማሸጊያ ቤቱ ለበዓል ሳምንት ሙሉ ተዘግቶ ቆዳዋ ስላገገመ ብቻ ነው። በግራ እጇ አመልካች ጣት ላይ ቀበቶው የቆረጣት ጠባሳ አለ፤ ወረቀቱ ላይ እንደ ነጭ ክር ሰያፍ ወጥቷል።

ያ ዓይን ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ ተአምር ሠራ። ሺራን በአጉሊ መነጽር ሩብ ሰዓት የምትፈጅበትን ይርገዱ አንዴ አይታ ትመድበዋለች። ማንበብ አትችልም፤ ስለዚህ የራሷን ስም አወጣች። ቁልቁል የሚወርደውን የከንፈር መስመር ዝናብ፣ ቅርንጫፍ ያለውን የጎመን ቅጠል፣ መረቡን ወንፊት አለችው። የጣቱን ደግሞ፣ ታጥፎ የሚመለሰውን ማጭድ፣ ዙሮ ዙሮ የሚገባውን ጉንጉን። ሺራን መጀመሪያ ሳቀች፤ በኋላ መዝገቧ ላይ እሷም በዕብራይስጥ ፊደል «ወንፊት» እያለች መጻፍ ጀመረች። ሦስት ወር ሙሉ ይርገዱ ሐሙስ ሐሙስ ከፈረቃዋ በኋላ አውቶቡስ እየተሳፈረች፣ አንዴ ገዴራ አንዴ ያቭኔ፣ የሽማግሌ ከንፈር ስትጠርግና ስትቀባ ቆየች። ያፈረውን ወንድ ታባብላለች፤ ካንተ በፊት ቄሱም ተቀብተዋል ትለዋለች። ቄሱ አልተቀቡም ነበር።

እግረ መንገዷን የራሷን ነገር ታያለች። ያቭኔ አንዲት እናትና ልጇ የታችኛው ከንፈራቸው መሀል ላይ አንድ ዓይነት ጎመን ቅጠል አላቸው። ገዴራ ሦስት እኅትማማቾች ሦስቱም ወንፊት ናቸው። በአንድ ሐሙስ አውቶቡስ ሲጠብቁ ይርገዱ ጥያቄዋን አወጣችው።

«ሺራንዬ፣ ይሄ መስመር ከእናት ከመጣ፣ ልጁ የማን እንደሆነ ይናገራል ማለት ነው?»

ሺራን ነገሩን በዕብራይስጥ አስባ ወደ አማርኛ እስክትመልሰው ጊዜ ወሰደባት። አንቱታ የማታውቅ ልጅ ናት፤ ይርገዱም ይህን ከለመደች ቆይታለች።

«አይናገርም። ሊመስል ይችላል እንጂ ምስክር አይሆንም። ካባት ይመጣል፣ እዚያው ሆድ ውስጥም ይለወጣል። ጣት የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንቺ አንቺ መሆንሽን። በዓለም ላይ ሌላ ሰው ያንቺ ጣት የለውም።»

«ቤሰደር» አለች ይርገዱ፤ እሺ ማለቷ ነው። በጆሮዋ ሰማች እንጂ አልተቀበለችም። ሺራን የምትናገረው ከመጽሐፍ ነው፤ የያቭኔን እናትና ልጅ ግን እሷ በገዛ ዓይኗ ለይታለች። ካሮት ላይ አምስት ዓመት ያልተሳሳተ ዓይን ነው።

በዚያ ክረምት ያለው የሚባል ጎረቤቷ ለእኅቱ ልጅ ሠርግ ጎንደር ሊሄድ ተነሣ። ይርገዱ አንድ የከንፈር ቀለም፣ አንድ ጥቅል ፕላስተር፣ ጥቁር ቀለም ያለው ሰፍነግና አራት ነጭ ወረቀት ሰጠችው። እንዳያበላሽባትም ወጥ ቤቷ ውስጥ በራሱ ከንፈር ሦስት ጊዜ አለማመደችው። ያለው ሚስቱ እንዳታይበት ከንፈሩን በጨው ፈትጎ ነው ወደ ቤቱ የገባው።

ሲመለስ እየሳቀ አወራላት። ቢረሳው የግንባታ ድንጋይ ተሸካሚ፣ የሠላሳ ስድስት ዓመት ጎልማሳ፣ ቀለሙን ሲያይ ከቤት ሊወጣ ነበር። በር ተዘጋ። ጠጅቱ ደጅ ቆማ ሰው እንዳይገባ እየጠበቀች፣ ሙሽሪት አላለቀችም ወይ እያለች ታሾፋለች። ቀለሙ አልለቅ ብሎት ሁለት ቀን አፉን በጋቢ ሸፍኖ ዋለ። ያለው ይህን እያወራ ወረቀቱን ከቦርሳው አወጣ። ይርገዱ ተቀብላ ከራሷ ወረቀት ጎን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው።

አንድ ጊዜ ማየት በቃት። የእሷ የታችኛው ከንፈር የጎመን ቅጠል ነው፤ የእሱ ወንፊት። የእሷ ጣት ዘጠኙ ማጭድ ነው፤ የእሱ ሰባቱ ጉንጉን። ተገናኝተው የማያውቁ ሁለት መንገደኞች ይመስላሉ። ከማን እንደመጣ ታውቃለች፤ አባትየው ነው፣ በሕፃንነቱ ጆሮውንም ቅንድቡንም ከእሱ ወስዶ ነበር። ግን ያንን የምታውቀው እሷ ናት። ቢሮው የሚያየው እሷ አሁን ያየችውን ነው።

ያለው ፊቷን አይቶ ተሳቀቀ።

«ምነው፣ ደህና አልታተመም እንዴ?»

«ደህና ታትሟል» አለችው። ወረቀቱን አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

በሚቀጥለው ዓርብ ረፋድ ላይ ይርገዱ አንድ ነጭ ወረቀት አውጥታ ከንፈሯን ጠረገች፣ ቀባች፣ ሁለት ደቂቃ ጠበቀች። ስታትም አፏን በጣም ትንሽ ወደ ግራ አዘነበለች፤ እንዲመስል እንጂ አንድ እንዳይሆን። ከዚያ ጣቶቿን አተመች፤ ከሁለት ሳምንት ሕመም ፈቃድ በኋላ ስለነበር መስመሩ ጥርት ብሎ ወጣ። ጠባሳ ያለባትን የግራ አመልካች ጣት ዘለለቻት። ሥራዋን ጨርሳ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ስታያቸው ልብ የሚሞላ ነገር ሆኖ አገኘችው። እናትና ልጅ።

ማመልከቻ የሚጽፍላት ሐብቴ ነው፤ በአገሩ አስተማሪ የነበረ፣ እዚህ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ደብዳቤ በዕብራይስጥ የሚጽፍ ሽማግሌ። ለእሱም አልነገረችውም። የልጄ የከንፈርና የጣት አሻራ ነው፣ ከእኔ ጋር ይመሳከርልኝ፣ የግራ አመልካች ጣቱ ቆስሎ ስለነበር አልታተመም በልልኝ አለችው። ሐብቴ የሚስራድ ሰዎች ከንፈር ሲያዩ ምን ይላሉ ብሎ ተገረመ፤ ቢሆንም አሳምሮ ጻፈው። እግረ መንገዱንም ስለ እማና ስለ እታለም፣ ስለ አገሩ ልማድ፣ ሁለት ገጽ ሙሉ አብራራ። ሺራን ስለዚህ ሁሉ የምታውቀው ነገር የለም።

የሺራን ጥናት በዚያው ዓመት አለቀ። ውጤቱን ለሽማግሎቹ ልትነግር መጥታ አልዋሸቻቸውም። ስኳር ካለባቸው ሰዎች መካከል ጉንጉንና ወንፊት በጥቂቱ በዝቶ ተገኘ፤ ግን አንድን ሰው ብቻ አይቶ ታማሚ ነህ ወይም ጤነኛ ነህ ለማለት አይበቃም። የሚበቃው ያችው የደም ጠብታ ናት። ከስኳር ነጻ ነን ካሉት ስልሳ ሰዎች ዘጠኙን የያዘችውም እሷው ናት። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ በቀይ ቀለም ተስቦ መጥቶ በደሙ የተረፈ ሰው አለ። ሺራን በደስታ ነገረቻቸው፤ ሽማግሎቹም አጨበጨቡላት።

ከማመልከቻው በኋላ አንድ ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። በ2008 መጀመሪያ ቢረሳው ጎንደር ላይ ለቃለ መጠይቅ ተጠራ።

ይርገዱ ለዚያ ቀን በስልክ አዘጋጀችው። እማ በለኝ፣ አፍህ ይልመደው አለችው። ቢረሳው ሞከረ፤ እያፈረ፣ እየተደናቀፈ። የሚገርመው ግን ልምምዱ አላስፈለገም። ጠያቂው የሐብቴን ሁለት ገጽ አንብቦ ጠጅቱን አስጠራት። ጠጅቱ ሰባ ዓመት አልፏታል። መካንነቷን ከባዕድ ደብቃ፣ ቢረሳውን ልጄ እያለች የኖረች ሴት ናት። ባጃጅ ተሳፍራ መጥታ ጠያቂው ፊት ተቀመጠች።

«አሳደግሁት እንጂ አልወለድሁትም» አለች። «ማኅፀኔ ልጅ አላየም። የወለደችው ይርገዱ ናት።»

ጠያቂው ጽፎ አነበበላት፤ በአውራ ጣቷ ፈረመች። ማብራሪያው አጥጋቢ ነው ብሎ ለቢረሳው በአስተርጓሚ ነገረው። የቀረው ሥርዓቱ ብቻ ነበር። ቢረሳው በዚያው ቀን ደወለ። አለቀ፣ ጠጅቱን አመኗት አለ። ይርገዱ እልል አለች፤ የጎረቤት በር ተከፈተ። ልጁ አሥሩንም ጣቴን ቀለም አስነክተው ለቀቁኝ ሲልም ሰምታው ነበር። ያን ጊዜ ምንም አላሰበችም።

ያሰበችው በማግስቱ ቀበቶው ፊት ቆማ ነው። እጆቿ ቆሙ። የተሰነጠቀው፣ የተከፈለው፣ የጠመመው ካሮት ሁሉ ከፊቷ አለፈ። የፈረቃው አለቃ ያላ፣ ይርገዱ፣ ምን ሆነሻል ሲላት አልሰማችውም። ጣት የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው ያለችው ልጅ ድምፅ ነበር ጆሮዋ ውስጥ።

ሁለት ወር ለማንም ሳትናገር ጠበቀች። ደብዳቤው ሲመጣ ለሐብቴ ልትሰጠው አፈረች። ሺራን ነርስ ሆና ያቭኔ ትሠራ ነበርና በስልክ ለመነቻት፤ መጣች። ሺራን ወጥ ቤቱ ውስጥ ተቀምጣ ደብዳቤውን አንዴ ለራሷ አነበበች፣ ከዚያ ጮክ ብላ ተረጎመችው። ለቃለ መጠይቅ የቀረበው ሰው አሻራ በማመልከቻው ላይ ቢረሳው ተብሎ ከቀረበው አሻራ ጋር አይገናኝም። ስለዚህ የቀረበው ሰው ሌላ ሰው ነው። በሰው ስም ለመግባት ተሞክሯል ተብሎ መዝገቡ ተዘግቷል።

የወረቀቶቹ ቅጂ ከደብዳቤው ጋር ተያይዟል። ሺራን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ከዚያ ሌላኛውን። ጣቷን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው እየወሰደች ቆጠረች።

«ይሄ ያንቺ ነው» አለች። «ሁለቱም ያንቺ ነው። መንትያ እንኳ እንዲህ አይሆንም።»

ይርገዱ አንገቷን ደፋች።

«ነግሬሽ ነበር።»

«ነግረሽኛል።»

«የእሱስ የታለ?»

ይርገዱ መሳቢያውን ከፈተችና አወጣችው። ሺራን ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጋ መስመሮቹን አነጻጸረች። ልጇ ላለመሆኑ ምልክት አይደለም፤ ይህን ይርገዱም ሺራንም ያውቃሉ። አባቱን የመሰለ ሰው የእናቱ ልጅ አይደለም የሚል የለም። ግን ከዚህ በፊት የነበረው ሁሉ፣ የጠጅቱ ቃል፣ የሐብቴ ሁለት ገጽ፣ በራሱ በቂ ነበር። ወረቀቱ ባይገባ ኖሮ ቢረሳው አሁን ሻንጣ ይገዛ ነበር። ሺራን ይህን አልተናገረችም፤ ይርገዱ ቀድማ ነው የተናገረችው።

እውነቱን ጻፊልኝ አለቻት። ሺራን ጻፈች፤ የቀረበው አሻራ የእናትየው ነው፣ ልጁ ምንም አያውቅም፣ ጥፋቱ የእኔ ብቻ ነው። ይርገዱ ስሟን መጻፍ አታውቅምና ከግርጌው አውራ ጣቷን አኖረችበት፤ በካሮት ሥራ ሳምንት መሀል ስለነበር ጣቱ ባዶ ሆኖ ታተመ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ። መልሱ በአራተኛው ወር መጣ። ሐሰተኛ ማስረጃ የቀረበበት መዝገብ እንደገና አይከፈትም።

በዚያ ቀን ሺራን ደግማ መጥታ ነበር። ይርገዱ አላለቀሰችም። መሳቢያውን ከፍታ የቢረሳውን ወረቀት ፊቷ አኖረች።

«እንግዲህ አንቺ ጋ እንኳ ይግባ» አለቻት። «ከመቶ ሃያዎቹ ጋር አስቀምጪው።»

ሺራን ጥናቱ ካለቀ ቆይቷል ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ወረቀቱን አነሣችና ሰባቱን ጉንጉን፣ ወንፊቱን አየች። እንደ ነርስም አየችው፤ እናቱ ስኳር አለባት። በስልክ ሲያወሩ ውሃ ይጠማኛል፣ ከስቻለሁ ብሎ ያውቃል ወይ ብላ ጠየቀች። ይርገዱ አሰበች። ድንጋይ የሚሸከም ሰው ነው፣ ይጠማዋል፤ ከስቷል ያለው ደግሞ ጠጅቱ ናት፣ በሐሳብ ነው ብለን ነበር አለች።

«ቁጥር ከሌለው ወረቀቱ አይቆጠርም» አለች ሺራን ቀስ ብላ። «በባዶ ሆድ ይለካና ይንገርሽ።»

ይርገዱ በማግስቱ ደወለች። ቢረሳው መዝገቡ መዘጋቱን ሰምቷል፤ ዘርዝራ ግን አልነገረችውም። ነገ ምግብ ሳትቀምስ ክሊኒክ ሂድና ስኳርህን አስለካ፣ ቁጥሩን ያዝልኝ አለችው። ለምን እንደሆነ ጠየቃት። ሺራን ናት ያለችው አለች፤ ያ የከንፈሩ ወረቀት ቁጥር ይጎድለዋል። ቢረሳው እሺ አለ። በሰባት ዓመት ውስጥ ልደት፣ ዘር፣ ምስክር፣ ፎቶ፣ አሁን ጣትና ከንፈር የተጠየቀ ሰው ነው። አንድ ተጨማሪ ነገር ሲጠየቅ ምክንያቱን አይመረምርም።

በሦስተኛው ቀን ስልኩ ሲጮህ ይርገዱ የራሷን ስኳር ለክታ፣ ጣቷን በጥጥ ጨምቃ ይዛ ነበር። የቢረሳው ድምፅ ከብዙ ወር በኋላ ሞቅ ብሏል።

«እታለም፣ ሦስት መቶ አሥራ አንድ አሉኝ።»

ጥጡ ከይርገዱ እጅ ወደቀ።

«እታለም፣ ትሰሚያለሽ? ሐኪሟ ከፍተኛ ነው አለችኝ። ሰው ሁሉ ከመቶ አያልፍም፣ የኔ ሦስት መቶ አሥራ አንድ። ለመዝገቡ ይበቃል?»